በሳጥን የተገኙ የ1900ዎቹ መጀመሪያ ፎቶግራፎችና ሥዕሎች፦ የዘመናቸው መሆናቸው በምን ይታወቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በውርስ አንድ ሳጥን ደርሶኛል። ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፉ ቡናማ ፎቶግራፎች፣ ፖስትካርዶች፣ የመስታወት ምስሎች (አንዱ ባለ ቀለም ነው)፣ የተጠቀለሉ ኔጋቲቮችና ፊርማ ያለበት ፍሬም የገባ የቀለም ሥዕል አለው። በአንዳንዶቹ ጀርባ 1908፣ 1912 ወይም 1921 ተብሎ ተጽፏል። የጥቂቶቹ ጥቁር ቦታ እንደ ብረት ያብለጨልጫል። የዚያ ዘመን ይሁኑ በኋላ የተባዙ፣ በምን ልወቅ? ባጸዳቸውና ከካርቶኑ ባላቅቃቸውስ?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ እጅዎ ከቀደመ ሌላው መልስ ሁሉ ዋጋ ያጣልና። አያጽዱ፣ አያላቅቁ። የዚያ ዘመን አብዛኛው ፎቶግራፍ ምስሉን የያዘው በወረቀቱ ላይ በተቀባ ስስ የጀላቲን ሽፋን ውስጥ ነው። ጀላቲን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ቢታበስ ምስሉ ከነሽፋኑ ሊነሳ ይችላል። ሌሎቹ ደግሞ ሽፋናቸው ኮሎዲዮን የሚባል፣ ሲደርቅ ስስና ግልጽ ሽፋን የሚሆን ፈሳሽ ነው። ኮሎዲዮን ውኃን ይችላል፣ አልኮል ግን ያሟሟዋል። የመስኮት ማጽጃ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ስለያዘ ከሁለቱ አንዱን ማበላሸቱ አይቀርም። የሚፈቀደው ጽዳት የካሜራ ሌንስ በሚነፋበት የጎማ መንፊያ አቧራውን ማራቅ፣ ከዚያም በለስላሳ ብሩሽ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀስታ መጥረግ ነው። ሽፋኑ ከተሰነጣጠቀ ወይም እንደ ቅርፊት ከተነሳ ብሩሹም ይቅር።

ካርቶኑን በተመለከተ፣ ፎቶግራፎቹ የተለጠፉት ብዙውን ጊዜ በስታርች ወይም በእንስሳት ሙጫ ነው። ደርቆ የቆየ ወረቀት ሲላቀቅ ይቀደዳል፣ የምስሉ ሽፋን ይሰነጠቃል፣ ከተላቀቀም በኋላ ይጠቀለላል። በዚያ ላይ ካርቶኑ ራሱ ማስረጃ ነው። የስቱዲዮው ስም፣ የተጫነው ጌጥ፣ የካርቶኑ ቀለምና ውፍረት ዘመኑን ለመገመት ይረዳሉ። አሲድ ያለበት ርካሽ ካርቶን ምስሉን እንደሚጎዳ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ማላቀቅ ሳይሆን እያንዳንዱን በተለየ ጥሩ ወረቀት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ስኮች ፕላስተር የተለጠፈበት ካለም አይሳቡት።

ሁለተኛው አስቸኳይ ጉዳይ የተጠቀለሉት ኔጋቲቮች ናቸው። ኮዳክ ግልጽ የሆነውን የናይትሬት (በቀላሉ የሚቀጣጠል የፕላስቲክ ዓይነት) ጥቅል ፊልም ለገበያ ያቀረበው በ1889 ነው፤ ምርቱ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቀጥሏል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ናይትሬት ሲያረጅ አሲድ ያለበት ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ የራሱን የፊልሙን ብልሽት ያፋጥናል፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉትን ፎቶግራፎችም ያደበዝዛል። ክፉኛ የተበላሸና ታሽጎ የተቀመጠ የናይትሬት ጥቅል 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ከቆየ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። አንዴ ከነደደ ማፈን አይቻልም፤ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን በውስጡ ይዟልና።

እንዴት ይለያል? የፊልሙን ጠርዝ በብርሃን ይዩት። በእንግሊዝኛ «ናይትሬት» ወይም «ሴፍቲ» የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል፤ ሴፍቲ የሚለው አሲቴት የተባለው ሌላ የፊልም ዓይነት መሆኑን ያሳያል፣ አሲቴት እንደ ናይትሬት አይቀጣጠልም። ጽሑፍ ከሌለ ሁኔታውን ይዩ። እየተበላሸ ያለ ናይትሬት ወደ ቢጫ ከዚያም ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ይጣበቃል፣ አፍንጫ የሚወጋ የአሲድ ሽታ አለው። እየተበላሸ ያለ አሲቴት ግን የኮምጣጤ ሽታ ይሰጣል፣ ይኮማተራል፣ ሽፋኑም ይጨማደዳል። ቁራጭ ቆርጦ በእሳት መሞከር የሚመክሩ አሉ፤ በፍጹም አያድርጉት። ከ1920ዎቹ በፊት የተሠራ ተጣጣፊ ኔጋቲቭ ከሆነ ናይትሬት ነው ብለው ይነሱ። ከሌሎቹ ለይተው፣ በወረቀት ፖስታ አድርገው፣ አየር በሚያገኝና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያቆዩት፤ በፕላስቲክም በቆርቆሮም አያሽጉት። የሚጣበቅ ወይም ወደ ዱቄትነት የተለወጠ ካለ አይንኩት፣ ከቆሻሻ ጋርም አይጣሉት፤ የእሳት አደጋ መከላከያ ወይም የአንድ ቤተ መዛግብት ባለሙያ ጠርተው ያስረክቡ። የመስታወት ኔጋቲቮች ይህ አደጋ የለባቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ብዙ ሰው ምስሉ ላይ ያለውን ሰው፣ ልብሱን፣ መኪናውን አይቶ ዘመኑን ይወስናል። ይህ ፎቶው መቼ እንደተነሳ ይነግራል እንጂ በእጅ የያዙት ወረቀት መቼ እንደተሠራ አይነግርም። በ1908 ከተነሳ ኔጋቲቭ በ1975ም ማተም ይቻላል። ከጀርባ የተጻፈው ዓመትም እንዲሁ ነው፤ ጸሐፊው ያስታወሰውን ዓመት ጽፎ ይሆናል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «በምን ዘዴ ተሠራ?» ነው። እያንዳንዱ የአሠራር ዘዴ የጀመረበትና የቀረበት ጊዜ አለው፤ ዘዴውን ካወቁ ዘመኑንም፣ ኦሪጅናልነቱንም፣ አያያዙንም በአንድ ጊዜ ያውቃሉ።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ አጉሊ መነጽር (ሠላሳ እጥፍ የሚያጎላ ከተጨመረ ይበልጥ ይረዳል)፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ የናይትሪል ጓንት። የጥጥ ጓንት መስታወት ያንሸራትታል፣ የተነሳ ጠርዝም ይይዛል።

መጀመሪያ ምስሉ ፎቶግራፍ ወይስ በማተሚያ ቤት የታተመ መሆኑን ይለዩ። መነጽሩን ግራጫ በሆነ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ፊት ወይም ሰማይ ላይ ያሳርፉ። ጥላው ያለ ምንም ነጥብ ከደማቅ ወደ ጨለማ የሚፈስ ከሆነ ፎቶግራፍ ነው። በመደዳ የተሰለፉ፣ ጨለማው ላይ የሚተልቁ ብርሃኑ ላይ የሚያንሱ ነጥቦች ካሉ የሃፍቶን ህትመት ነው፤ በ1900 ጋዜጦችና መጽሔቶች በስፋት ይጠቀሙበት ነበር። ነጥቡ ያልተሰለፈ፣ እንደ ትል የተጠማዘዘ ጥቃቅን ሽብሽብ ከሆነ ኮሎታይፕ ነው። ይህኛው ብዙዎችን ያሳስታል፤ በአሥር እጥፍ ፎቶግራፍ ይመስላል፣ ሽብሽቡ በደንብ የሚታየው በሠላሳው ነው። የዘመኑ ብዙ ጥሩ ፖስትካርዶችና የሙዚየም ቅጂዎች በዚህ ዘዴ ታትመዋል።

ሌላው ፎቶግራቪዩር ነው። ከመዳብ ሰሌዳ የሚታተም ሲሆን ጥቁሩ ጥልቅና እንደ ከፋይ ለስላሳ ነው፤ በመነጽር ሲታይ ሥርዓት የሌለው ደቃቅ ቅንጣት አለው፣ ጠርዙ ካልተቆረጠም በምስሉ ዙሪያ ሰሌዳው የተጫነበት ዝቅ ያለ ክፈፍ በጎን ብርሃን ይታያል። «ህትመት ነው» ብለው እንዳይንቁት። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ከ1903 እስከ 1917 ባሳተመው መጽሔቱ የዘመኑን ታላላቅ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥራ ያወጣው በአብዛኛው በፎቶግራቪዩር ነው፤ ዛሬ እነዚያ ገጾች ራሳቸውን ችለው እንደ ኦሪጅናል ሥራ ይሰበሰባሉ።

ፎቶግራፍ መሆኑን ካረጋገጡ የወረቀቱን ቃጫ በመነጽር ይፈልጉ። ቃጫው ከምስሉ ሥር በግልጽ የሚታይ፣ ገጹ ግን በመጠኑ የሚያብረቀርቅ፣ ብርሃናማ ቦታው ወደ ቢጫ የሄደ ከሆነ አልቡመን ነው፤ ምስሉን የሚሠራው ብር የተያዘው በእንቁላል ነጭ ሽፋን ነው። አልቡመን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት ሲሆን ከ1900 በኋላ እየጠፋ ሄዷል፤ ስለዚህ ጀርባው ላይ 1921 ተጽፎበት ከተገኘ ጽሑፉን መጠራጠር ይገባል። ቃጫው ጨርሶ የማይታይ ከሆነ ከምስሉ ሥር ባራይታ የሚባል ነጭ ሽፋን አለ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ያለዎት ጀላቲን ወይም ኮሎዲዮን ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ሲያዩት ዘይት የፈሰሰበት ውኃ እንደሚያሳየው ዓይነት የቀስተ ደመና ቀለም ካሳየ ኮሎዲዮን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ደብዛዛ (የማያብረቀርቅ) ገጽና ወደ ወይራ ያዘነበለ ጥቁር ቀለም ያለው፣ ምንም ያልደበዘዘ የስቱዲዮ ፎቶ ካለዎት ደግሞ ደብዛዛው የኮሎዲዮን ዓይነት ነው። በወርቅና በፕላቲነም ስለሚታከም ከመቶ ዓመት በኋላም ትናንት የታተመ ይመስላል፤ ጤናማነቱ ብቻ ሐሰተኛ ነው አያሰኘውም።

ምስሉ ከላዩ ምንም ሽፋን ሳይኖረው ወረቀቱ ውስጥ የሰረገ፣ ፍጹም ደብዛዛ፣ ግራጫው ብዙ ደረጃ ያለው ከሆነ ፕላቲነም ይሆናል። የፕላቲነም ማረጋገጫ ደስ የሚል ነው፦ ለዓመታት ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ወረቀት ላይ የምስሉን ቡናማ ጥላ ያትማል። ያን ጥላ ያለበት ወረቀት ካገኙ አይጣሉት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፕላቲነም ዋጋ ሲንር ብዙዎች ወደ ፓላዲየም ዞረዋል፤ ሁለቱን በዓይን መለየት አስተማማኝ አይደለም፣ ለላቦራቶሪ የሚተው ነው። ደማቅ ሰማያዊ ከሆነ ሳያኖታይፕ ነው፤ ለእሱ በማስቀመጫው ላይ እመለስበታለሁ።

ያ የብረት ብልጭታስ? እሱ ቆሻሻ አይደለም፤ ራሱ የምስሉ ብር ነው። የዘመኑ በጣም የተለመደው ወረቀት፣ በኬሚካል የሚታጠበው የጀላቲን ወረቀት፣ ምስሉን የሚሠራው በብር ቅንጣት ነው። ከርካሽ ካርቶን፣ ከእንጨት መሳቢያ፣ ከአዲስ የቤት ቀለም የሚወጡ ጋዞች ከእርጥበት ጋር ሆነው ብሩን ያሟሙታል፤ የሟሟው ብር በጀላቲኑ ውስጥ ወደ ላይ ይጓዝና ገጹ ላይ ተመልሶ ብር ሆኖ ይቀመጣል። ብር በሚበዛበት ጥቁር ቦታና አየር በሚገባበት ጠርዝ ላይ የሚጀምረውም ለዚህ ነው። ከጠርዝ ወደ መሃል እየሳሳ የሚሄድ ሰማያዊ ብልጭታ ዘመን እንዳለፈበት ጥሩ ምልክት ነው፤ መጥፎ አቀማመጥ ግን የ1950ዎቹንም ሊያብለጨልጭ ስለሚችል ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በላጲስ ወይም በጥጥ ፈግፍገው ካነሱት ያነሱት ምስሉን ነው።

ቡናማ ቀለምም የዕድሜ ማረጋገጫ አይደለም። አንዳንዱ ቡናማ የሆነው ስለደበዘዘ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሲሠራ ጀምሮ ሆን ተብሎ በሰልፈር ስለታከመ ነው፣ ይሄኛው እንዲያውም ከጥቁሩ ይበልጥ ይቆያል። የዛሬ ኮምፒውተር ማተሚያም ቡናማ ያወጣል። ይህን ለመለየት ቀላል ነው፤ በመነጽር ሲታይ ቡናማው በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ክፍሉን አጨልመው የአልትራቫዮሌት ባትሪውን ያብሩ። የወረቀት ፋብሪካዎች ወረቀትን ነጭ ለማስመሰል ብርሃን አመንጪ ማንጪያ መጨመር የጀመሩት ከ1950 አካባቢ ወዲህ ነው። «የ1912» የተባለ ፎቶ በአልትራቫዮሌት ሥር ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። በሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ላይ ባነሳቸው ፎቶግራፎች የሚታወቀው የአሜሪካዊው ሉዊስ ሃይን የገዛ እጅ ሥራ ተብለው የተሸጡ በርካታ ቅጂዎች በ1990ዎቹ የተጋለጡት በዚህ ዓይነት ምርመራ ነበር፤ ሃይን የሞተው በ1940 ሲሆን ወረቀቱ ግን ማንጪያ ነበረበት። ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ማንጪያ የሌለው ዘመናዊ ወረቀትም ስላለ አለማብራቱ አሮጌነቱን አያረጋግጥም። ሁለተኛ፣ ከዘመናዊ ፖስታ ወይም ከልብስ ሳሙና የተነካካ ጠርዝ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ ሊያበራ ይችላል፤ ስለዚህ ፊቱንም ጀርባውንም፣ መሃሉንም ጠርዙንም ይዩ። ጀርባው እንደ ፕላስቲክ የሚያንሸራትት ከሆነ ደግሞ ባትሪም አያስፈልግም፤ በፕላስቲክ የተለበጠ የፎቶ ወረቀት የተስፋፋው ከ1960ዎቹ መጨረሻ በኋላ ነው።

ፖስትካርዶቹ ከሁሉም ይቀልላሉ፣ ጀርባቸው ይናገራልና። መጀመሪያ ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ነበር፤ መልእክቱ የሚጻፈው ፊት ለፊት ምስሉ ጎን ነው። ጀርባውን በመስመር ለሁለት ከፍሎ መልእክትም አድራሻም እንዲጻፍበት ብሪታንያ በ1902፣ ጀርመን በ1905፣ ዩናይትድ ስቴትስ ማርች 1 ቀን 1907 ፈቀዱ። እንግዲህ ለሁለት የተከፈለ ጀርባ ያለው የአሜሪካ ካርድ ከ1907 በፊት ሊሆን አይችልም። እውነተኛ ፎቶግራፍ የሆኑት ካርዶች በቴምብር ቦታው ላይ የወረቀቱ ስም አለባቸው። «ኤዞ» የሚለው የኮዳክ ወረቀት በአራት ማዕዘኑ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክቱ አራት ሦስት ማዕዘኖች ካሉት ሰብሳቢዎች ከ1904 እስከ 1918 ያለውን ጊዜ ይሰጡታል፤ ሁለቱ ወደ ላይ ሁለቱ ወደ ታች ከሆኑ ከ1918 በኋላ ነው። ኮዳክ በ1903 ያወጣው ታጣፊ ካሜራ ኔጋቲቩ ልክ የፖስትካርድ መጠን፣ 8.3 በ14 ሴንቲ ሜትር፣ ስለነበር ተራው ሰው የራሱን ፎቶ በቀጥታ ካርድ አድርጎ ያሳትም ነበር። እነዚህ ምናልባት በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው ናቸው፤ በመልካቸው ተራ ቢመስሉም ከሳጥኑ ውስጥ ቅድሚያ የምሰጣቸው እነሱን ነው። የፖስታ ማኅተሙ ዓመት ካርዱ ከዚያ ቀን በፊት መሠራቱን ብቻ ያረጋግጣል።

ባለ ቀለሙን መስታወት በሁለት እጅ ይያዙት። አውቶክሮም ሊሆን ይችላል። ወንድማማቾቹ ኦጉስትና ሉዊ ሉሚየር በ1903 የፈጠራ መብት አግኝተው በ1907 ለገበያ ያቀረቡት ዘዴ ነው። የድንች ስታርች ደቃቅ ቅንጣቶች ብርቱካናማ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ወይን ጠጅ ተቀብተው፣ ተደባልቀው መስታወት ላይ ይበተናሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በጥቀርሻ ይሞላል፤ ከላይ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን ይቀባል። እያንዳንዱ ቅንጣት ከ10 እስከ 15 ማይክሮን ነው። ነጭ ብርሃን ከኋላው አድርገው በሠላሳ እጥፍ መነጽር ሲያዩ ሦስቱ ቀለሞች ያለ ምንም ሥርዓት ተበታትነው ከታዩ አውቶክሮም ነው። ቀለሞቹ በመስመር ወይም በካሬ የተሰለፉ ከሆነ በዘመኑ ከነበሩት ሌሎች የቀለም ሰሌዳዎች አንዱ ነው። ቅንጣት የሌለውና የብሩሽ ዱካ ያለው ከሆነ በእጅ የተቀባ የፕሮጀክተር መስታወት ነው።

አውቶክሮም እጅግ ጨለማ ነው፤ ከመስታወቱ የሚያልፈው ብርሃን ጥቂት ነው። ሰዎች በደንብ ለማየት ብለው ኃይለኛ ፕሮጀክተር ውስጥ የሚያስገቡት ወይም መስኮት ላይ የሚያቆሙት ለዚህ ነው፤ ሙቀቱ ሽፋኑን ያነሳዋል፣ ብርሃኑ ቀለሙን ያጠፋዋል። ቀለሙ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ እርጥበት የገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ እድፍ ይሠራል። ሁለቱን መስታወቶች የያዘውን ጥቁር የወረቀት ጥብጣብ ስለዚህ አይክፈቱ። በቀዝቃዛ የኤልኢዲ መብራት ላይ ለደቂቃ ያህል ይዩት፣ ፎቶ ያንሱት፣ ይመልሱት። ከ1909 እስከ 1931 ባለው ጊዜ በፈረንሳዊው ባለጸጋ አልቤር ካን ወጪ የተሰበሰቡት 72,000 ያህል አውቶክሮሞች ዛሬም ቀለማቸውን ይዘው የሚታዩት ኦሪጅናሎቹ ከብርሃን ተከልለው ስለተቀመጡ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከጥቁርና ነጭ የመስታወት ኔጋቲቮች መካከል አንድ ዓይነት ምስል ሦስት ጊዜ ከላይ ወደ ታች የተደረደረበት ቢያገኙ ተመሳሳይ ነው ብለው አንዱን አይምረጡ። በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቀይ ማጣሪያ የተነሱ ናቸው፤ ሦስቱ ሲደራረቡ ሙሉ ቀለም ይወጣቸዋል። ሩሲያዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፕሮኩዲን ጎርስኪ አገሩን የመዘገበው በዚህ ዘዴ ሲሆን፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ1948 ከወራሾቹ የገዛቸው 1,902 ኔጋቲቮቹ ዛሬ በኮምፒውተር ተደርበው በቀለም ይታያሉ።

ፍሬም የገባው ሥዕል የተለየ ምርመራ ይፈልጋል። በዚያ ዘመን ኦሊዮግራፍ የሚባል በሊቶግራፍ (ከድንጋይ ሰሌዳ በሚደረግ ህትመት) በብዙ ቀለም ታትሞ፣ የሸራ ቅርጽ ተጭኖበት፣ ቫርኒሽ የተቀባ ሥዕል በብዛት ይሸጥ ነበር። ከሩቅ የዘይት ሥዕል ይመስላል። ባትሪውን በጎን አብርተው ጉብታዎቹን ይከተሉ፤ በእውነተኛ የዘይት ሥዕል ጉብታውና ቀለሙ አብረው ይሄዳሉ፣ አንድ የብሩሽ ጭረት አንድ ቀለም ይዞ ይጀምራል ያልቃል። በኦሊዮግራፍ ጉብታው ከቀለሙ ጋር ሳይገናኝ ያቋርጠዋል። በመነጽር ደግሞ ቀለሙ በእጅ በተነቀሱ ያልተሰለፉ ነጥቦች የተሠራ ሆኖ ይታያል። ፊርማውንም ይዩት፤ ነጥብ ውስጥ ከተገኘ የታተመ ፊርማ ነው። ሥዕሉ ዘይት ቢሆንም ፊርማው ዕድሜ ያስቆጠረውን ስንጥቅ ተሻግሮ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ከገባ፣ ፊርማው በኋላ ዘመን የተጨመረ ነው።

ሥዕሉ ዋጋ ያለው ከመሰለ የቀለም ትንተና ያስደርጉ። ከሁሉ ጠቃሚው ምስክር ነጩ ቀለም ነው። የቲታኒየም ነጭ ለገበያ የቀረበው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ጀምሮ ሲሆን በሠዓሊዎች ዘንድ የተለመደው በ1920ዎቹ ነው። ቮልፍጋንግ ቤልትራኪ የተባለው ጀርመናዊ አስመሳይ የወደቀው በዚህ ነው፤ የጀርመናዊው ሠዓሊ የሃይንሪሽ ካምፔንዶንክ የ1914 ሥራ ተብሎ በ2006 በ2.88 ሚሊዮን ዩሮ በተሸጠው ሥዕል ውስጥ ቲታኒየም ነጭ ተገኘ፣ በ2011ም ተፈረደበት። ምርመራው በተንቀሳቃሽ የኤክስሬይ መሣሪያ ሥዕሉ ሳይነካ ሊደረግ ይችላል። ሆኖም አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ቲታኒየም ማግኘት አይበቃም፤ በኋላ የተጠገነ ቦታ ሊሆን ስለሚችል ጥገና በሌለባቸው በርካታ ቦታዎች መለካት አለበት። ከፍሬሙ ሲያወጡ ምስሉ ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ ያቁሙ፤ ከጀርባው ያሉትን ወረቀቶችና መለያዎች ሳያነሱ ፎቶ ያንሷቸው።

ለማስቀመጥ፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የእርጥበት መለዋወጥ ነው። አንጻራዊ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች፣ ሁለቱም የማይዋዥቁ ይሁኑ። ጣሪያ ሥር ይሞቃል፣ ምድር ቤት ይረጥባል፤ የቤት መካከለኛ ክፍል ቁም ሣጥን ይሻላል። ፖስታው ወረቀት ከሆነ ሊግኒን (ወረቀትን የሚያስረጅ የእንጨት ንጥረ ነገር) የሌለው፣ የፎቶግራፍ ተኳሃኝነት ፈተና (አይኤስኦ 18916) ያለፈ ይሁን፤ «አሲድ የለውም» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ፕላስቲክ ከሆነ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን፤ አዲስ ሲሆን የሚሸተው ፒቪሲ ክሎሪን ያለበት ጋዝ ስለሚያወጣ አይሁን። ሽፋኑ የተነሳ ፎቶግራፍ ፕላስቲክ ውስጥ አይገባም፤ ቅርፊቱን በስታቲክ ኤሌክትሪክ ስቦ ያነሳዋል። ሳያኖታይፕ አልካሊን አይወድም፤ ካልሲየም ካርቦኔት የተጨመረበት ወረቀት ያደበዝዘዋል፣ ስለዚህ ያልተጨመረበትን ይጠይቁ። በብርሃን የደበዘዘ ሳያኖታይፕ ጨለማ ውስጥ ሲቆይ በከፊል ይመለሳል። የመስታወት ኔጋቲቮችን አንዱን በሌላው ላይ አይቆልሉ፤ የታችኛው ይሰበራል። እያንዳንዱን በአራት በኩል በሚታጠፍ ወረቀት ጠቅልለው በረጅም ጠርዛቸው ያቁሟቸው።

ሻጋታ ካዩ ያን ዕቃ ወዲያው ይለዩ፣ ደረቅ አየር ባለበት ያቆዩት፤ እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ይቀባል እንጂ አይነሳም። ከደረቀ በኋላም ጭምብል ሳያደርጉ አይጥረጉት።

ስካን ሲያደርጉ የፖስትካርድ መጠን ላለው 600 ፒክስል በኢንች ይበቃል፤ 9 በ14 ሴንቲ ሜትር ካርድ በዚህ መጠን 2,100 በ3,300 ፒክስል ገደማ ይሰጣል። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ሁነታ ያድርጉት፤ የቢጫው መጠን፣ የቀለም ህክምናውና የጀርባው ጽሑፍ ቀለም መረጃ ናቸው። ዋናውን ፋይል በቲፍ (TIFF) የፋይል ዓይነት ያስቀምጡ፣ ማስተካከል ከፈለጉ ቅጂው ላይ ያስተካክሉ። ጀርባውን አይዝለሉ። የተጣመመውን በስካነር ክዳን አይጫኑት፤ ከላይ በካሜራ ያንሱት፣ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አቁመው። የሚያብለጨልጨው ፎቶ በስካነር ሰማያዊ ጭጋግ ይሆናል፤ መብራቶቹ ላይም ሌንሱ ላይም የፖላራይዘር ማጣሪያ አድርገው የሌንሱን ሲያዞሩ ጭጋጉ ይጠፋል። ጀርባ ላይ መለያ ቁጥር መጻፍ ካለብዎ ፎቶውን ንጹሕ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ደፍተው፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳይጫኑ ይጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ይሰርጋል።

በአንዱ ላይ ከተጠራጠሩና እንዲታይልዎ ከፈለጉ አራት ፎቶ ያንሱ፦ ፊቱን በእኩል ብርሃን፣ ፊቱን በጎን ብርሃን፣ ጀርባውን በሙሉ፣ አንድ ደግሞ የስልክዎን ካሜራ በአጉሊ መነጽሩ ላይ አሳርፈው ከግራጫው ቦታ። ከጎኑ ማስመሪያ ያስቀምጡ፤ የሴንቲ ሜትር ልኩ ከሌለ የካርዱም የሰሌዳውም ዓይነት አይለይም።